ከሐዲዱ ሥር ያለው

ስለ ጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር የተጻፈውን ብታገላብጡ አብዛኛው የሚያወራው ከሐዲዱ በላይ ስላለው ነው፤ ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ ውሉ፣ ስለ መንግሥታቱ ሽኩቻ፣ ስለ ሎኮሞቲቩ፣ ስለ ለገሃር ሕንፃ። እኔ በዚህ የመገናኛ መጽሔታችን ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ከሐዲዱ በታች ስላለው ነው። ስለ ጠጠሩ፣ ስለ አግዳሚ ብረቱ፣ ከዚያም ስለ ቡሽ። አዎ፣ የጠርሙስ መክደኛ ስለሚሠራበት ስለዚያው ቡሽ። ባቾቼ «ይቺ ልጅ ሐኪም አልነበረችም እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አሁንም ነኝ። ቀን ቀን የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኞቼን አያለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሜሪላንድ ባለው ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ ድሬዳዋን እሠራለሁ።

ትንንሽ ባቡር መሥራት እዚህ አገር የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሰው ተራራውን፣ ወንዙንና ጣቢያውን በልኩ አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ ይሠራና ባቡሩን በኤሌክትሪክ ያስኬድበታል። በብዛት የሚሠራበት መጠን 1 ለ 87 ነው። የማውቃቸው አሜሪካውያን አብዛኞቹ ያደጉበትን ከተማ መስመር ነው የሚሠሩት፤ እኔም የራሴን ያዝኩ። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። የኛ መስመር ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ87 ብታካፍሉት 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የኔ ምድር ቤት ርዝመት 7 ሜትር ነው። ስለዚህ የድሬዳዋን ጣቢያና አዋሽ አጠገብ ያለን አንድ ኩርባ ብቻ መረጥኩ። ለምን ያንን ኩርባ እንደሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አማካሪዬ አባቴ ነው። የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በሐዲድ ጥገና ነው። ባቡር ነድቶ አያውቅም፣ ትኬት ቆርጦ አያውቅም፣ ጣቢያ ውስጥ ጠረጴዛ ኖሮት አያውቅም። መጀመሪያ ተራ ሠራተኛ፣ ኋላ ካቦ ሆኖ ከነቡድኑ ፀሐይ ላይ ጠጠር ሲጎሰጉስ ነው የኖረው። አሁን ሰማንያን አልፏል፤ ከኛ ጋር ነው። ማታ ወንበሩን ስቦ ይመጣና አጠገቤ ይቀመጣል። ለሙከራ ሐዲዱን እንዲሁ ባዶ ኮምፔንሳቶ ላይ አጋድሜ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ «ይሄማ ራቁቱን ነው» አለኝ።

ራቁቱን ያልሆነው ሐዲድ ምን እንደሚለብስ ለመናገር ወደ መጀመሪያው ልመለስ። (ዓመታቱን ሌላ ካላልኩ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ውል የሰጡት በ1894 ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍነ ጋር ሆኖ ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1897 ከጅቡቲ ሥራው ተጀመረ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። ሐዲዱም ቀላል፣ አንዱ ሜትር 20 ኪሎ ብቻ የሚመዝን። ገንዘቡ ስላልተረፈ መሐንዲሶቹ መሬቱን ከመቁረጥ ይልቅ እየተከተሉት ሄዱ። የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ ለዚያ ቀላል ሐዲድ ዳገቱ አልሆነም። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ፣ ከሜዳው ላይ ቀረ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ድሬዳዋ የምንላት እሷን ነው። እኛ የድሬ ልጆች በከተማችን ከልክ በላይ እንኮራለን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከተማችን የተወለደችው መሬቱ ሐዲዱን ወደ ሐረር አላስወጣም ስላለ ነው።

ከሐዲዱ ሥርስ? አውሮፓ ውስጥ ቢሆን በሐዲዱ ሥር እንጨት ይጋደማል። በኛ በረሃ ግን ምስጥ አለ፤ ምስጥ ደግሞ የኩባንያ ንብረት ነው ብሎ አይምርም። ስለዚህ አግዳሚዎቹ ከብረት ተሠሩ። እያንዳንዱ እንደ ተደፋ ገበታ ከሥሩ ጎድጓዳ ነው፤ ጎድጓዳው በጠጠር ካልሞላ አግዳሚው ባዶ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። አባቴ «ብረቱን ምስጥ አይበላውም፤ ግን ሥሩ ባዶ ከሆነ ይጮህብሃል» ይላል። ሌሊት ባቡር ሲያልፍ ከድምፁ ብቻ የቱ ጋ እንደ ጎደለ ያውቅ ነበር።

ብዙ ሰው ጠጠሩ የፈሰሰው ሣር እንዳይበቅል ወይም ለማማር ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። የባቡር ጎማ ሐዲዱን የሚነካው ከአንድ ሳንቲም በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው። ቶን ሙሉ ክብደት በሳንቲም ላይ ማለት ነው። ይህን ሸክም ሐዲዱ ለአግዳሚው፣ አግዳሚው ለጠጠሩ እያሰፋ ያወርደዋል፤ አፈሩ ጋ ሲደርስ አፈሩ ሊችለው የሚችል ሆኗል። ጠጠሩ የዝናቡንም ውኃ ያሳልፋል፤ ባቡሩ ኩርባ ላይ ሐዲዱን ወደ ጎን ሲገፋውም ይዞ ያስቀረዋል። ለዚህ የሚሆነው ተሰብሮ ጠርዝ ያወጣ ድንጋይ ነው፤ አንዱ በሌላው ይነካከሳል። የወንዝ ድብልብል ጠጠር ይንሸራተታል። ከጊዜ ብዛት ደግሞ ጠጠሩ እየተፈጨ አቧራ ይሆናል፣ አሸዋ ይገባበታል፤ ውኃ ማሳለፉን ይተውና ሐዲዱ ይሰምጣል። መድኃኒቱ ሰው ነው። ሐዲዱን በዲጂኖ ማንሣት፣ ጠጠሩን ማጥራት፣ ከሥር መጎስጎስ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ እንደገና። አባቴ በሆዱ ተኝቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሐዲዱ አናት ላይ ርቆ ያያል፤ የጎደጎደውን ቦታ የሚያገኘው እንዲያ ነው። እኛ ኢሲጂ ስናነብ መስመሩን ዓይናችንን አጥብበን እንደምናየው።

የመጀመሪያው ኩባንያ ድሬዳዋ ላይ ገንዘቡ አልቆ ወደቀ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ አገራችን እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ ባቡሩም የውላቸው አንድ ክፍል ነበር። እዚህ ላይ ነው ሐኪም ወደ ታሪኩ የሚገባው። በ1908 ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥለው መስመር ውል የተሰጠው በዶክተር ጆዜፍ ቪታሊያን ስም ነው። ቪታሊያን የጓዴሎፕ ሰው ጥቁር ሐኪም ነበር፤ መጀመሪያ ሐረር ራስ መኮንን ዘንድ፣ ቀጥሎ የምኒልክ የግል ሐኪም ሆኖ ያገለገለ። በትምህርት ቤታችን የሕክምና ታሪክ ስንማር ስሙን አንድም ቀን አልሰማሁትም። እስቲ አስቡት፤ እኛ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ላይ ስንፈርም እንኳን ሁለቴ የምናስብ ሰዎች፣ የሙያ አባታችን ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ባቡር ውል በስሙ! ገንዘቡ የሱ እንዳልነበር ግልጽ ነው፤ ከጀርባው የፓሪስ ባንክ፣ የኢንዶቺን ባንክ የሚባለው፣ ነበረ። የሱ ድርሻ በቤተ መንግሥቱና በባንኩ መካከል መግባት ነበር። ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ሁለቱም የሚያምኑት ሐኪሙን ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀጥሎ ሐዲዱ በ1915 አቃቂ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ በ1913 አርፈው ስለነበር ባቡሩ ከተማቸው ሲደርስ አላዩም። አዲስ አበቤዎች ከዚያ በፊት ያዩት «ባቡር» አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ነበር፤ የሰርኪስ ባቡር ያሉት። ሐዲድ የለውም፣ መሬት ለመደልደል የመጣ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ከባቡሩ በፊት የመጣው መደልደያው ነው።

አሁን ወደ ምድር ቤቴ። እዚህ ጠጠርን የሚተካው፣ በትክክል ለመናገር ከጠጠሩ ሥር የሚገባው፣ ቡሽ ነው። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፉ የሚበቅለው ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ በሜድትራንያን ዳርቻ ሲሆን ከዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉ ከፖርቱጋል ነው የሚመጣው። ዛፉ አይቆረጥም። 25 ዓመት ሲሞላው ቅርፊቱ በመጥረቢያ በጥንቃቄ ይላጣል፤ እንደገና እስኪያበቅል 9 ዓመት ይጠበቃል። ለጠርሙስ የሚሆነው ተወስዶ የተረፈው ፍርፋሪ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተጨምቆ፣ እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል። የኔ ሐዲድ የሚተኛው ከዚያ በተቆረጠ ጥብጣብ ላይ ነው።

የሕክምና ተማሪ የነበረ ሁሉ ከቡሽ ጋር ሳያውቅ ተዋውቋል። ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ቡሽን በስሱ ከርክሞ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የማር እንጀራ የመሰሉ ክፍሎችን አየ፤ እንደ መነኮሳት ጠባብ ክፍል ስለመሰሉት የዚያን ስም ሰጣቸው። እኛ ሕዋስ የምንለው ፈረንጆቹ ዘንድ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ኢንች ውስጥ ከ1 ቢሊዮን በላይ እንደሚሆኑ አሰላ። ሁክ ያየው ሕይወት ያለውን ሕዋስ ሳይሆን የሞተውን ግድግዳ ነው፤ ውስጡ አየር ብቻ። ቡሽን ለዚህ ሥራ የሚያበቃው ግን ያ የታፈነ አየር ነው። ስትጫኑት ይጨመቃል፣ ስትለቁት ይመለሳል፣ ሲጨመቅ ደግሞ እንደ ጎማ ወደ ጎን አይነፋም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ዲስክ አስቡ።

አነጣጠፉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኮምፔንሳቶው ላይ የሐዲዱን መካከለኛ መስመር በእርሳስ መሣል። ጥብጣቡ 91 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ መሐሉ ላይ በሰያፍ ተሰንጥቋል፤ በእጅ ሲስቡት ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ ግማሾች ቦታ ይለዋወጡና ቀጥ ያለው ጎናቸው መሐል መስመሩ ላይ ይገጣጠማል፤ ሰያፉ ጎን ወደ ውጭ ይሆናል። ያ ሰያፍ ነው በኋላ የጠጠሩ ተዳፋት የሚሆነው። ማን እንዳሰበው አላውቅም ግን ብልህ ነበር፤ ከአንድ ስንጥቅ ሁለት ተዳፋት፣ ምንም ሳይጣል።

እዚህ አገር ለ1 ለ 87 የሚሸጠው የተለመደው ቡሽ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በእውነተኛው መጠን ብትመልሱት 43 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለአሜሪካ ትልቅ መስመር ተገቢ ነው። ለኛ ግን ከፍ አለብኝ። አባቴም ገና ሲያየው «እንዲህ ያለ ጠጠር የት አግኝተን!» ብሎ ሳቀ። ስለዚህ ለሌላው፣ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ትንሽ ሐዲድ የተሠራውን 3 ሚሊ ሜትር ቡሽ ገዛሁ፤ 26 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በላዩ የሚተኛው የኔ ሐዲድ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ሜትሩ በ87 ሲካፈል 11 ተኩል ስለሚሆን ከዚህ የሚቀርብ አይሸጥም። ከሥሩ ትንሽ ሰፋ ማድረግ ስለሚያስፈልግ በመሐሉ ላይ ቀጭን የቡሽ ቁራጭ ጨመርኩ። ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ጥብጣብ አይሆንም፤ የድሬዳዋ ጣቢያ ግቢ ብዙ ሐዲድ ጎን ለጎን ያለበት ሜዳ ነው፤ እዚያ ሙሉ የቡሽ ምንጣፍ ዘርግቼ ዳሩን ከዋናው መስመር ጋር በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ።

ኮላው የተለመደው ነጭ የእንጨት ኮላ ነው፤ ስስ አድርጎ መቀባት። የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ፊት ለፊት እንዳይሆን አንዱ ከሌላው ቀደም ወይም ዘግየት ይላል፤ አለዚያ ሁሉም ድካም አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። (የቀዶ ሕክምና ባልደረቦቻችን ይህን ለማስረዳት አያስፈልጋችሁም።) ኩርባው ላይ ግማሹ ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይታጠፋል፤ የውስጡ አጥሮ የውጪው ይረዝማል። በስፒል ይዞ ማደር፤ ጠዋት ስፒሎቹን መንቀል፤ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን እንጨት ላይ ጠቅልሎ አናቱን መደልደል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል ይባላል። አባቴ ግን አያዘልልም። ወንበሩን ትቶ አገጩን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፍና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። «እዚህ ጋ» ይላል በጣቱ። ውሃ ልክ ያላሳየኝን ጉድለት እሱ ያያል።

ድምፁንም ለካሁት። ሙያዬ ነውና ስቴቶስኮፔን አመጣሁ። ኮምፔንሳቶው ላይ ያለ ቡሽ ሐዲድ በምስማር ተመትቶ ባቡር ሲሄድበት ጣውላው እንደ ከበሮ ይጮሃል፤ ጆሮ ላይ አይቻልም። ቡሽ ባለበት በኩል ድምፁ ይታፈናል፤ የሚቀረው የጎማው ቅጭልጭልታ ነው። ጠጠሩ በላዩ ፈሶ ጠንካራ ኮላ ሲጠጣ ግን ጥቂቱ ድምፅ ይመለሳል፤ የደረቀው ኮላ ሐዲዱንና ጣውላውን እንደገና ያገናኛቸዋልና። ስለዚህ ሲደርቅ የሚለጠጥ ኮላ የሚመርጡ አሉ፤ እኔም ከነሱ ነኝ። ስቴቶስኮፑን አባቴም ጆሮው ላይ አደረገው። በጆሮው ብዙ አይሰማም አሁን። ባቡሩን ሦስቴ አስኬድኩለት። «የበረሃው እንዲህ አይደለም» አለ፤ ቀጠለና «ግን ሥሩ ሙሉ ነው።»

አሁን ስለ ኩርባው። በኛ አቆጣጠር ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ገደል ገባ። ባቡሩ ድልድይ ላይ ካለ ኩርባ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። 428 ሰው እንደሞተ ተመዝግቧል፤ ከአምስት መቶ በላይ ቆስሏል። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች የከፋው ይኸው ይባላል። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። አባቴ ከቡድኑ ጋር ሐዲዱን መልሶ ለማንጠፍ ከተላኩት አንዱ ነው። ሥራው ስንት ቀን እንደወሰደ፣ ምን እንዳየ፣ በቤታችን ተወርቶ አያውቅም። እናቴ ያን ሰሞን ልብሱን ሦስቴ አጠበችው ብላ ብቻ ነግራናለች።

ከተማርኩ በኋላ ያንን ቀን በሐኪም ዓይን ነበር የማስበው። ከአምስት መቶ በላይ ቁስለኛ፣ በዚያ በረሃ፣ በዚያ ዘመን። ስንት አልጋ ነበር፣ ስንት ደም ነበር፣ ማን ማንን ለይቶ አስቀደመ። ቡሹን ማንጠፍ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሌላም ሰው አለ፤ ቁስለኛው ከተነሣ በኋላ በዚያው ቦታ በሆዱ ተኝቶ ሐዲዱ ቀጥ ማለቱን የሚያይ። መስመሩ እንደገና የተከፈተው በነሱ ነው።

ልሥራው ወይስ ልተወው ብዬ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ጠየቅሁት፦ «አባዬ፣ የአዋሹን ኩርባ ልሥራው?»

ዝም አለ። ከዚያ «ሥሪው» አለኝ። «የውጪውን ሐዲድ ከውስጡ ከፍ አድርጊ። ስትነጂበት ቀስ በይ።»

የውጪው ሐዲድ ከፍ የሚለው ባቡሩ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ እንዳይወረወር ነው። በትንሹ መጠን ይህ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነገር ነው፤ ከአግዳሚው የውጭ ጫፍ ሥር ቀጭን ወረቀት በመደራረብ ይሠራል። ስንት ወረቀት እንደሆነ የወሰነው እሱ ነው።

የኋለኛውን ዘመን በአጭሩ ነው የማልፈው፣ ብዙዎቻችሁ የኖራችሁበት ስለሆነ። በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮች ፈረሱ፣ ተጠገኑ። ከዚያ የጭነት መኪናው አስፋልቱን ይዞ ገበያውን ወሰደ፤ ባቡሩ ገንዘብ አጣ፤ ገንዘብ ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይታየው ሥራ ነው። ሎኮሞቲቭ ቢቆም ሚኒስትሩም ያየዋል። ጠጠር ሲሰምጥ የሚያየው ካቦው ብቻ ነው። ስለዚህ መስመሩ የሞተው ከታች ወደ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባቡሮቹ ፍጥነታቸውን እየቀነሱ፣ እየቀነሱ፣ በ2000ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መሄዳቸው ቆመ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሌላ መሬት፣ በሌላ ጠጠር ላይ። የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው ያለው። አባቴ የአዲሱን መስመር ፎቶግራፍ ሳሳየው ባቡሩን አላየም። ፎቶውን በጣቱ አስፍቶ ጠጠሩን ነው ያየው። «ጥሩ ድንጋይ ነው፤ ጠርዝ አለው» አለ።

ያስተማሩን ፕሮፌሰሮች፣ በዚህ መጽሔት የምታነቡኝ ባቾቼ፣ በተለይ የድሬና የአዋሽ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዘመዶቻችሁ መካከል ሐዲድ ላይ የሠራ ካለ፣ ጠጠሩን ከየት ያመጡ እንደነበር፣ በቀን ስንት ሜትር ይጎሰጉሱ እንደነበር ጠይቁና ጻፉልኝ። በ1 ለ 87 የሚሆን የአዋሽ ድንጋይ ቀለም እየፈለግሁ ነው፤ ሱቅ ያለው ሁሉ አሜሪካዊ ግራጫ ነው። አባቴ «ጠቆር ይላል፣ ወደ ቡና ይሄዳል» ይላል፤ እኔ ደግሞ ለማረጋገጥ ሌላ ምስክር እፈልጋለሁ።

ቡሹ እስከ ድልድዩ ድረስ ተነጥፎ ደርቋል። ኩርባው ላይ ወረቀቶቹ ተደራርበዋል፤ ሐዲዱ ግን ገና አልተመታም። ቅዳሜ ከሥራ አልገባም።